ካስትና ሚውቴተር አልገጥም ሲሉኝ

ትናንት ግማሽ ቀኔን የበላ የላራቬል (በፒኤችፒ ድረ ገጽ የሚሠራበት ፍሬምወርክ) ጉዳይ። የደንበኞች ሞዴል (የዳታቤዝ ሰንጠረዡን የሚወክለው ክላስ) ላይ የስልክ ቁጥሮች የሚቀመጡበት የጄሰን (ዳታን በጽሑፍ መልክ የሚያስቀምጥ ፎርማት) ኮለም አለ፤ ካስቱን (ሲቀመጥና ሲነበብ የእሴቱን ዓይነት የሚቀይረውን ቅንብር) አሬይ፣ ማለትም ዝርዝር፣ ብዬዋለሁ፣ እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ በ09 የሚጀምሩትን ወደ +2519 የሚቀይር ሚውቴተር (እሴት ከመቀመጡ በፊት የሚያስተካክል ሜተድ) ጨመርኩ። ሴቭ ሳደርግ "አሬይ ቱ ስትሪንግ ኮንቨርዥን" (አሬይ ጽሑፍ በሚጠበቅበት ቦታ ሲገባ የሚመጣ ስህተት) ብሎኝ አረፈው!

ካሹን አጠፋሁ፣ ማይግሬሽኑን (ሰንጠረዡን የሚፈጥረውን ፋይል) አየሁ፣ ወፍ የለም። ጥፋቱ የኔው ነበር። ላራቬል እሴት ሲቀበል መጀመሪያ የሚያየው ሚውቴተር መኖሩን ነው፤ ካለ ለእሱ አስረክቦ ይወጣል፣ ካስቱን ዞር ብሎም አያየው። እኔ ደግሞ ያስተካከልኩትን አሬይ እንዳለ አትሪቢዩትስ (ሞዴሉ ወደ ዳታቤዝ የሚልካቸው ጥሬ እሴቶች) ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ ወደ ጄሰን የሚቀይረው ማን ይሁን?

መፍትሔው አንድ መስመር፦ ሚውቴተሩ መጨረሻ ላይ ራሴ በጄሰን ኢንኮድ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ሲነበብ አክሰሰር (በንባብ ጊዜ እሴቱን የሚያስተካክል ሜተድ) ስለሌለኝ ካስቱ እንደ ድሮው ይፈታዋል። አክሰሰር ካላችሁ ግን የሚደርሳችሁ ጥሬው የጄሰን ጽሑፍ ስለሆነ መፍታቱም የእናንተ ሥራ ነው። ሌላ ሞዴል ላይም ካስፈለጋችሁ፣ ከላራቬል 7 ጀምሮ የራስን ካስት ክላስ መጻፍ ስለሚቻል ጌቱንም (ማንበቢያውን) ሴቱንም (ማስቀመጫውን) እዚያው አንድ ቦታ አድርጉት፤ እኔ ለአንድ ኮለም ብዬ አልደከምኩም።