የጆርናሉ ድረ ገጽ የቁማር ገጽ ሲያወጣ

ምልክቱ

የጆርናላችሁን ስም ጎግል ላይ ስትፈልጉ በጥናቶቹ መሃል የኦንላይን ቁማር ገጾች ይመጣሉ። ድረ ገጹን ራሱን ስትከፍቱት ግን ሁሉም ደህና ይመስላል። ጆርናሉ እስካሁን በኦፕን ጆርናል ሲስተምስ (ኦጄኤስ) 2፣ ማለትም በጆርናል ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሩ አሮጌ ስሪት የሚሰራ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የፋይል አፕሎድ ነው። በርካታ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ጆርናሎችም በኦጄኤስ ስለሚሰሩ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ደራሲዎች የላኩት ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ፎልደር ክፈቱ። እዚያ የሚጠበቁት ወርድ፣ ፒዲኤፍና መሰል ሰነዶች ናቸው። ስሙ በፒኤችፒ ወይም በፒኤችቲኤምኤል (ሰርቨር እንደ ፕሮግራም ሊያስኬዳቸው የሚችሉ የፋይል ዓይነቶች) የሚያልቅ ፋይል ካያችሁ ሰው ገብቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። ቶሎ አታጥፉት። መጀመሪያ ፋይሉንም የሰርቨሩን ሎግም (ማን መቼ ምን እንደከፈተ የሚመዘግበውን ፋይል) ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ምክንያቱ

ማንም ተመዝግቦ ጽሑፍ መላክ ይችላል፤ የጆርናል ሥራ ነውና መቻልም አለበት። አደጋው የሚመጣው ሶፍትዌሩ የፋይሉን ዓይነት በደንብ ሳያጣራ ሲቀበል፣ ፎልደሩም በድረ ገጹ ውስጥ ሲሆን ነው። ያኔ አጥቂው የላከውን ፋይል በብራውዘር ይጠራዋል፤ ሰርቨሩም እንደ ፕሮግራም ያስኬድለታል። የኦጄኤስ መመሪያ ፎልደሩ ከድረ ገጹ ውጭ ይሁን ይላል። በጥድፊያ ኢንስቶል ሲደረግ ግን ይዘለላል።

መፍትሄው

ድረ ገጹን ለጊዜው ዝጉ። ፎልደሩን ወደ ውጭ አውጡና በኮንፊግ ፋይሉ (የኦጄኤስ ቅንብር በተጻፈበት ፋይል) ላይ የፎልደሩን ቦታ የሚናገረውን «ፋይልስ ዲር» (files_dir) የሚለውን መስመር አስተካክሉ። ዋናው ሥራ ይኼ ነው። የተገኘውን ፋይል ብቻ አጥፍቶ መተው አይበቃም፤ በሩ ክፍት እስካለ ሌላ ይገባል።

«ፐብሊክ» የሚባለው ፎልደር ሽፋንና ሎጎ ስለሚይዝ ከድረ ገጹ አይወጣም። እዚያ ውስጥ ፒኤችፒ እንዳይሰራ ሰርቨሩ ላይ ከልክሉ። ኢንጂንኤክስ (Nginx) የሚባለው የሰርቨር ሶፍትዌር እንዲህ ያለ ክልከላ የሚጻፍበትን የኤችቲአክሰስ (.htaccess) ፋይል አያነብም፤ በእሱ እንዳትተማመኑ።

የዳታቤዙ ፓስወርድ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ በግልጽ ስለተጻፈ፣ አጥቂው አይቶታል ብላችሁ ቀይሩት። የአስተዳዳሪዎቹንም ፓስወርድ ቀይሩ። የማታውቁት አካውንት ወይም ክሮን ጆብ (ሰርቨሩ በተወሰነ ሰዓት በራሱ የሚያስኬደው ትዕዛዝ) ካለ አጥፉ። የፕሮግራሙን ፋይሎች ከዋናው ቅጂ ጋር አስተያዩ።

ከዚያ ማሻሻሉ ይቀጥላል። ኦጄኤስ 3 የወጣው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው፤ 2 አሁን ድጋፍ የለውም። ማሻሻያውን መጀመሪያ በኮፒ ላይ ሞክሩ። የሚሰራው ሰው ከሌለ አዲስ ጽሑፍ መቀበል አቁማችሁ ድረ ገጹን ወደ ተራ ኤችቲኤምኤል ገጾች ቀይሩት። የደራሲዎቹ የዓመታት ልፋት በዚህ ምክንያት መጥፋት የለበትም። ሌሎች ጥናቶች የጠቀሷቸው ሊንኮች እንዳይሰበሩ የገጾቹን አድራሻ እንደነበረ ተዉ። በመጨረሻ የቁማር ገጾቹ ከፍለጋ ውጤት እንዲወጡ በጎግል ሰርች ኮንሶል ጠይቁ።