ግሱ ሳይቆረጥ ይድረስ፦ በቴሌግራም፣ በአጭር መልእክትና በፌስቡክ አማርኛ ስንጽፍ

ባለፈው ዓመት ለእድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ ማስታወቂያ ጻፍኩ። «የፊታችን እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በእድራችን አዳራሽ ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው ጠቅላላ ጉባኤ ወደሚቀጥለው ሳምንት የተዛወረ መሆኑን እንገልጻለን» ይላል። ሰዋስዉ ልክ ነው። እሁድ ጠዋት በዚያ ሳልፍ ግን ስድስት ሰባት ሰዎች የተቆለፈ በር ላይ ቆመዋል፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጋቢያቸውን ደርበዋል። አንዲት እናት ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው «የፊታችን እሁድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በእድራችን አዳራሽ ሊካሄድ…» ድረስ ብቻ ነው። እሳቸው ያነበቡትን አምነው መጡ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የምጽፍበትን ቦታ ሳላይ አልጽፍም። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ቀርቷል»፣ «የለም»፣ «አልተፈቀደም» የሚለው ዋናው ጉዳይ የሚመጣው ጭራ ላይ ነው። ስልክ ደግሞ የሚቆርጠው ጭራውን ነው።

ከቴሌግራም እንጀምር። አንድ መልእክት እስከ 4096 ፊደል ይይዛል፣ ፎቶ ስር ሲጻፍ ደግሞ 1024። ስለዚህ ቦታ አያንስም። የሚያንሰው ሰው ሳይከፍተው የሚያየው አንድ ሁለት መስመር ነው። እዚያ ውስጥ የራሷ ግስ ያላት አጭር ዓረፍተ ነገር አስገቡ። የእኔ ማስታወቂያ እንዲህ መሆን ነበረበት፦ «የእሁዱ ጉባኤ ተዛውሯል። እሁድ እንዳትመጡ። የሚቀጥለው እሁድ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ።» ምክንያቱና ምስጋናው ከዚያ በታች ይከተላል። ሰላምታ ይቅር አልልም፣ ሰላምታ የሌለው ማስታወቂያ ይከብደኛል። ግን «ሰላም ናችሁ» ይበቃል። «ውድና የተከበራችሁ የእድራችን አባላት እንደምን ሰነበታችሁ» ካላችሁ መስመሩ አለቀ። የቢሮውን ጭራም ቁረጡት፦ «የተዛወረ መሆኑን ለመግለጽ እንወዳለን» ማለት «ተዛውሯል» ማለት ነው።

ግሩፑ ውስጥ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ካለ «በኢትዮጵያ ሰዓት» የምትለዋን አትርሱ። የእኛ ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጆቹ 9 ሰዓት ነው፣ ዱባይ ላይ ያኔ 10 ሆኗል።

ከጓደኛ ጋር ቻት ስታደርጉ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ አራት ነጥብን የተካው የመላኪያው ቁልፍ ነው። «ደረስኩ» ትላካለች። «በር ላይ ነኝ» ትከተላለች። ከዚያ «ቁልፉ የታለ»። ቅደም ተከተሉም እንደ ንግግር ይገለበጣል፦ «መጣ እንዴ ልጁ?»፣ «ቀረ በቃ ሰርጉ»። ይህን አታርሙት። ሰው መጀመሪያ የሚያሳስበውን ይናገራል፣ ስለ ማን እንደሆነ ኋላ ያስታውሳል፣ እና ቻት ላይ ይህ ልክ ነው። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። «አልነገርኳትም» ስምንት ፊደል ናት፣ ግን ማን፣ ለማን፣ መቼ፣ አዎ ወይስ አይደለም፣ ሁሉም ውስጧ አለ። ችግሩ ግሩፕ ላይ ነው። ሃያ ሰው በሚያወራበት ቦታ «ነገርኳት» ብትሉ ማንን እንደሆነ አይታወቅም። ወይ መልእክቱን ይዛችሁ ሪፕላይ አድርጉ፣ ወይ ስም ጥሩ።

ለትልቅ ሰው ሲሆን አትቆራርጡ። ለእያንዳንዷ ቁራጭ ስልካቸው ይጮሃል፣ አንስተው ሲያዩ «ጋሼ» ብቻ ያገኛሉ፣ ምን ሆነ ብለው ይደነግጣሉ። አንድ ላይ ላኩት፦ «ጋሼ እንደምን አደሩ። ሐዋሳ በሰላም ደርሻለሁ። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።» አክብሮቱን የሚሸከመው ግሱ ስለሆነ እሱን ለማሳጠር ብላችሁ «አደርክ» እንዳትሉ። የማታውቁት ሰው ጋ በውስጥ መስመር ስትገቡም እንደዚያው ነው፣ በ«እርስዎ» ጀምሩ። እሱ ራሱ «አንተ በለኝ» ይላል። በአራት ነጥብም ተጠንቀቁ። ለጓደኛዬ «እሺ» ስል ተስማማሁ ማለቴ ነው፣ «እሺ።» ካልኩ ግን ያኮረፍኩ ይመስላል። ለጋሼ ሲሆን ነጥቡ ጨዋነት ነው።

በስልክ ቁጥር የሚላከው አጭር መልእክት የራሱ ሒሳብ አለው። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልእክት 160 ይይዛል፣ በፊደላችን ሲሆን 70። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል። አንዲት የግዕዝ ፊደል ወይም ኢሞጂ ብትገባም ጠቅላላው ወደ 70 ይወርዳል። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት በላቲን ይጽፋል። ግን ቆጥሬ አይቼዋለሁ፣ ያን ያህል አይጎዳም፣ ምክንያቱም የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይይዛል። «እንኳን አደረሳችሁ» ከነክፍተቱ 11 ቦታ ይበቃዋል፣ በላቲን ግን 19 ገደማ ይፈልጋል። ከላይ ለጋሼ የተላከው መልእክት ሁሉ 44 ብቻ ነው። በላቲን ስትጽፉ ደግሞ «መጣ» እና «መታ» አንድ ይሆናሉ። «ወንድምህ መጣ» ብሎ የላከ ሰው «ማንን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ግድ ከሆነና በላቲን ከጻፋችሁ ግሱን ብቻውን አትተዉት፣ «ከሥራ»፣ «አሁን» የምትል አንዲት ቃል አስጠጉለት።

የድሮው ትዊተር፣ ኤክስ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ክፍያ ለማይከፍል ሰው የተፈቀደው 280 ነው ይባላል፣ የእኛ ፊደል ግን እንደ ሁለት ስለሚቆጠር የሚደርሰን 140 ገደማ ነው። «እንደሚታወቀው»፣ «ከዚህ ጋር በተያያዘ» የሚሉት እዚያ አይገቡም። አንድ ሐሳብ፣ አንድ ግስ። ሁለተኛው ሐሳብ ሌላ ፖስት ይሁን።

ፌስቡክ ላይ ረጅም መጻፍ ደስ ይላል። «ነቅቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ታክሲ ይዤ፣ መገናኛ ወርጄ፣ ሰልፉን አይቼ ተመለስኩ» የሚለውን ሰንሰለት እዚያ ነው የማራዝመው። አንባቢው በእያንዳንዷ «ቼ» እና «ቤ» ከዚያስ እያለ ይከተላል፣ የአማርኛ ተረክ ውበቱ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ፌስቡክም ከጥቂት መስመር በኋላ ቀሪውን ይሸፍነዋል። ሰንሰለቱ እዚያ ሳይደርስ አንድ ጊዜ ይታሰር፦ «ትናንት መታወቂያዬን አጣሁ።» ከዚያ ታሪኩን እንደፈለጋችሁ ዘርጉት።

የሽያጭ ፖስት ግስ ባይኖረውም ይነበባል፦ «ኦሪጅናል ጫማ፣ ከ39 እስከ 43፣ አድራሻ መገናኛ።» ዕቃው ሲያልቅ ግን ፖስቱን ኤዲት አድርጋችሁ «አልቋል» የምትለውን ከሁሉም ፊት አስቀምጡ። ታች ከጻፋችሁት ሰው በከንቱ ይመላለሳል።

ለብዙ ሰው የሚሄድ ነገር ሲኖረኝ አሁን መጀመሪያ ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ለራሴ እልከዋለሁ። ከዚያ ወጥቼ የቻቶቹን ዝርዝር አያለሁ። በዚያች አጭር መስመር ላይ ግሱ ከታየኝ ግሩፑ ላይ እለጥፈዋለሁ። ካልታየኝ መጀመሪያውን እንደገና እጽፈዋለሁ።