ልጃችሁ የሐኪም ክትትል ላይ ነው? በትንሽ ገቢ ከትምህርቱ እንዳይቀር እንዴት ማድረግ ይቻላል

ልጄ ስኳር እንዳለባት ያወቅነው ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው። ባለቤቴ እዚህ ሐዋሳ ባጃጅ ይሠራል፣ እኔ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። የዚያን ዓመት ከክፍሏ 4ኛ የነበረችው ልጅ 31ኛ ወጣች። በሽታው ጭንቅላቷን ጎዳው ብዬ አለቀስኩ። አስተማሪዋ ደግሞ «ሰንፋለች» አለችኝ። አንድ ማታ ደብተሮቿን ዘርግቼ ባዶ የቀሩትን ቀኖች ቆጠርኩ። በአንድ ሴሚስተር 23 ቀን ቀርታለች። ከ23ቱ ደግሞ አሟት የቀረችው 7 ቀን ብቻ ነው። የቀረው ለቀጠሮ፣ ለመድኃኒት ፍለጋ፣ ምሳ ዕቃ የሚቋጠር ጠፍቶ፣ የትራንስፖርት ሳይኖረን ነው።

ያው መርፌ የሚወጋ የባለሀብት ልጅ በመኪና ተመላልሶ፣ ቤት ድረስ አስጠኚ መጥቶለት ደረጃውን ይዞ ይቀጥላል። በሽታው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ኪስ ላይ ነው። ኪሳችንን ዛሬ መቀየር አንችልም። ቀኖቹን ግን ማትረፍ ይቻላል፣ እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

1. መጀመሪያ ቁጠሩ

አንድ ደብተር አዘጋጁ። ልጁ በቀረ ቁጥር ቀኑንና ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ፦ ህመም፣ ቀጠሮ፣ ብር፣ ፍርሃት። አዎ፣ ፍርሃትም አለ፤ ክፍል ውስጥ የሚጥል በሽታው የተነሳበት ልጅ በማግስቱ ሆዴን አመመኝ ቢል አትገረሙ። ከወር በኋላ የትኛው ቃል እንደበዛ ታያላችሁ። ከእሱ ጀምሩ።

2. ቀጠሮውን ከፈረቃው ጋር አስማሙ

ትምህርት ቤታችሁ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ክትትል አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ስለሆነ ዳይሬክተሩን ለምናችሁ ልጁን ከሰዓት ፈረቃ አስገቡት። እኛን ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይሄ ነው። የፈተና ሳምንቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቀጠሮ ለሚሰጠው ሰው አሳዩት፣ ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? ልጁ ከተረጋጋ ደግሞ መድኃኒቱ የሁለት ወይም የሦስት ወር በአንዴ ይሰጠን ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። አንድ ምልልስ ቀረ ማለት አንድ የትምህርት ቀን፣ ለባለቤቴ ደግሞ የአንድ ቀን ገቢ ነው።

3. የጤና መድህን

በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የተሠራው ቋሚ ደሞዝ ለሌለን ቤተሰቦች ነው። ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። የመክፈል አቅም የሌለው ቤተሰብ መንግሥት የሚከፍልለት አሠራርም ስላለ አትፈሩ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ በየዓመቱ ይታደሳል፣ እንዲሁም ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዳችሁ ላያገለግላችሁ ይችላል።

4. ትምህርት ቤቱን አስተምሩት

እኛ አንድ ዓመት ሙሉ ደበቅን። ሰው ምን ይላል ብለን። ልጄ ስኳሯ ወርዶ ላብ ሲያጠምቃትና ስትነጫነጭ አስተማሪዋ ቀጣቻት። ሴትዮዋን አልወቅሳትም፣ ማን ነግሯት? እናንተ ግን አትደብቁ። ሐኪሙን አንድ ገጽ ማስታወሻ ጠይቁ፣ በአማርኛ ይሁን፣ ለስም ጠሪ አስተማሪው በእጃችሁ ስጡት። ልጁ አጠገብ ለሚቀመጠው ጓደኛም ንገሩት፣ ከአስተማሪው ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

ስኳር ላለበት፦ ክፍል ውስጥ እንዲበላና ሽንት ቤት እንዲወጣ ይፈቀድለት። ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበው ወይም የደም ስኳር መለኪያው ከ70 በታች ካነበበ ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ ካልተሻለው መድገም፣ ከዚያ ምግብ። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፣ ወደ ሐኪም ይሮጣል። ፈተና ከመጀመሩ በፊት መለካት ደግሞ በጣም ይጠቅማል። ስኳሩ የወረደ ልጅ የሚያውቀውን መልስ ይሳሳታል።

የሚጥል በሽታ ላለበት፦ ክብሪት ጭሮ ማሽተት ይቅር። ማንኪያ አፉ ውስጥ መክተትም ይቅር። በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ሰዓት ማየት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል። ልጁ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የሚያንቀላፋ ከሆነም ስንፍና ነው አትበሉ፤ አንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል፣ ለሐኪሙ ንገሩት። በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

አስም ላለበት፦ ፓፉ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ቢሮ ተቆልፎበት ሳይሆን ቦርሳው ውስጥ ይሁን፣ የጠመኔ ብናኝ እንዳያገኘው ከሰሌዳው ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

5. ምግብና መርፌ

ይህን ለማንም ደፍሬ ተናግሬ አላውቅም። ብር ሲያጥረን የምትወጋው የስኳር መድኃኒት፣ ኢንሱሊኗ፣ እንዲበረክት ቀንሼ ወግቻት አውቃለሁ። አታድርጉት፣ ያ ጥፋቴ ለአራት ቀን ሆስፒታል አስተኛት። በቂ ምግብ ከሌለ ለነርሷ ሳታፍሩ «ቤታችን ምሳ የለም» በሏት፣ መጠኑንና ሰዓቱን እነሱ ያስተካክሉታል። ቦርሳዋ ውስጥ ሁሌ ቆሎ ወይም ዳቦ፣ ትንሽ ስኳርም በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጣለሁ። ፍሪጅ የለንም። በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስገብቼ መሀሉን በእርጥብ አሸዋ እሞላዋለሁ፣ በሐዋሳ ሙቀት እንኳ መድኃኒቷን ቀዝቀዝ አድርጎ ያቆይልኛል።

6. ያመለጠውን በዚያው ሳምንት መመለስ

የክፍል ጓደኛዋ እናት ማታ ማታ የደብተሩን ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ሁሉን ለመገልበጥ አትሞክሩ፣ የታመመ ልጅ ይሰለቻል። ሒሳብና ቋንቋን አስቀድሙ፣ የዛሬው ካመለጠ የነገው አይገባም። ተራ ስንጠብቅም መጽሐፏ አብሮን ነው።

7. ወንድምና እህት

ለቀጠሮ ትራንስፖርት የምትሆን አነስተኛ እቁብ ከጎረቤት ጋር ጀምረናል። ሳላስተውለው የቆየሁት ግን ትልቁን ልጄን ነው። እኔ እንጀራ ላይ፣ አባቱ ባጃጅ ላይ ስንሆን እህቱን ሆስፒታል ይዞ የሚሄደው እሱ ነበር፣ ያውም 8ኛ ክፍል ሆኖ፣ የክልል ፈተና ፊቱ እየጠበቀው። የሱን ቀኖች ስቆጥር 11 ሆኑ። አሁን ደብተሩ ላይ ሁለት ስም አለ፣ ቀጠሮውንም እኔና አባቱ በየተራ ነው የምንይዘው።