አይኔ እያለቀሰ "ደርቋል" ተባልኩ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ሁሌ የሚጀምረኝ ከሰዓት አስር ሰዓት ገደማ ነበር። ኤክሴል ከፍቼ ቁጥር ሳስገባ እንባዬ በጉንጬ ይወርዳል፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ "አንቺ ምን ሆነሽ ነው፣ ቤት ሰላም ነው?" ትለኛለች፣ እኔም ሰላም ነው አይኔን ነው እያልኩ በሶፍት እጠርጋለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመት ሞላኝ። መጨረሻ ላይ አይን ሐኪም ጋ ስሄድ "አይንሽ ደርቋል" አለኝ። ሳቄ መጣ። እንባዬን ስጠርግ የምውል ሴት እንዴት ነው አይኔ የሚደርቅብኝ?

ግን ልክ ነበር። እንባ ውሃ ብቻ አይደለም። ከስር አይኑ ላይ የሚያጣብቀው ቀጭን ንፍጥ መሳይ ነገር አለ፣ መሃል ላይ ውሃው፣ ከላይ ደግሞ አይን ቆብ ጠርዝ ላይ ካሉ ጥቃቅን እጢዎች የሚወጣ ዘይት። ቅቤ የተንሳፈፈበት ወጥ ቶሎ አይቀዘቅዝም አይደል፣ ዘይቱም እንደዛ ከላይ ከድኖ ውሃው እንዳይተን ይይዘዋል። ዘይቱ ሲጠፋ ውሃው በሰከንዶች ይተናል፣ አይን ይቆጠቁጣል፣ አእምሮ ደግሞ አደጋ መጣ ብሎ ዝም ብሎ ውሃ ይለቃል፣ ያ ውሃ ደግሞ የሚከድነው ስለሌለ አይረጋም፣ ይፈሳል። ማልቀሱ ራሱ የድርቀቱ ምልክት ነው ማለት ነው። ብዙ ሰው ላይ የሚበላሸው ደግሞ ውሃው ሳይሆን ዘይቱ ነው፣ ይሄን ሳያውቁ ፋርማሲ ገብቶ "የአይን ጠብታ ስጡኝ" ማለት እንደኔ ብር መጨረስ ነው።

እኔ አሁን ሰው አይኔን ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚብስህ ብዬ ነው።

ከሰዓትና ማታ የሚብስ፣ ስክሪን ላይ የሚደበዝዝ፣ ሲያርገበግቡት ደግሞ ጥርት የሚል

መንስኤው፦ አለማርገብገብ። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ያርገበግባል፣ ስልክ ወይ ኮምፒውተር ላይ ሲያፈጥ ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ያችንም ቢሆን ሳይዘጋ በግማሹ ነው የሚመልሳት። ዘይቱን ከእጢው ጨምቆ የሚያወጣው ደግሞ ቆቡ ሙሉ በሙሉ ሲገጥም ነው። እዚህ ላይ ፊት ለፊት የሚነፋ ፋን ወይ ኤሲ ካለ በቃ አለቀ። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ስትሰራ ቀኑን ሙሉ ኤሲ፣ ሌሊትም ኤሲ፣ ላይ ላዩን በረኪና፣ ስትደውል ሁሌ አይኗ ቀልቶ ነበር የማያት፣ እኛ ደግሞ አልቅሳ ነው እያልን ስንጨነቅ ከረምን። አሜሪካ ሆናችሁ ክረምቱን ሙሉ የመኪና ሂተር ፊታችሁ ላይ ከፍታችሁ የምትነዱም ያው ናችሁ።

መፍትሄው፦ ንፋሱን ከፊት አዙሩት፣ ወደ እግር ይሂድ። ስክሪኑን ከአይናችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ወደ ታች ስታዩ አይን በሰፊው ስለማይከፈት ትነቱ ይቀንሳል (እኔ ሞኒተሬ ስር የነበረውን የወረቀት እሽግ አወጣሁት፣ ያ ብቻ ለውጥ አመጣ)። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት፣ እግረ መንገዱን አይንን ግጥም አድርጎ አስር ጊዜ መክደን። ሰው ያያችኋል፣ ይልመደው።

ጠዋት የሚብስ፣ ስትነቁ ሽፋሽፍታችሁ የሚጣበቅ፣ የቆቡ ጠርዝ የሚቀላ

ከሰዓት ቢጀምረኝም የኔ ዋናው ችግር እዚህ ነበር። ሐኪሙ የታችኛውን ቆቤን በጥጥ ጫፍ ጫን ሲለው ከእጢዎቹ የወጣው ዘይት ሳይሆን ከኮልጌት ቱቦ እንደሚወጣ ያለ ነጭ ወፍራም ነገር ነው፣ በመስታወት አሳየኝ። ጤነኛው እንደ ምግብ ዘይት ፈሳሽ መሆን ነበረበት። ከዛ አይኔ ላይ ብርቱካናማ ቀለም ነክቶ በሰማያዊ መብራት እያየ "አታርገብግቢ" አለኝና ቆጠረ፣ እንባው ሳይበጣጠስ 10 ሰከንድ መቆየት ሲገባው የኔ አራት ላይ ተበጣጠሰ። ውሃውን ለመለካት ደግሞ ቆብ ስር ቀጭን ወረቀት አንጠልጥለው 5 ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ የኔ ደህና ረጥቧል። ውሃ አለ፣ ክዳን የለም።

መፍትሄው ሙቀት ነው፣ እና እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ፎጣ ሙቅ ውሃ ነክሮ አንዴ አይን ላይ ጣል ማድረግ። እሱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ይቀዘቅዛል፣ የደረቀውን ዘይት ለማቅለጥ ደግሞ 40 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ለ10 ደቂቃ ያህል መቆየት አለበት። እኔ ፔርሙዝ ሙሉ ሙቅ ውሃ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጣለሁ፣ ሁለት ትንንሽ ፎጣ፣ አንዱ አይኔ ላይ ሲሆን ሌላው ሳህን ውስጥ ይነከራል፣ እየቀያየርኩ። መጀመሪያ በእጅ አንጓ ሞክሩት፣ እዛ ካቃጠለ አይን ላይ አይሄድም። ከዛ ወዲያው ሳይቀዘቅዝ አይን ተጨፍኖ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች የታችኛውን ወደ ላይ በጣት ቀስ እያሉ ማሸት፣ ቀጥሎ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ በቀጠነ የህፃን ሻምፖ የሽፋሽፍቱን ስር መጥረግና ማለቅለቅ። ጠዋትና ማታ። ሳምንት ሰርታችሁ ምንም የለም ብላችሁ እንዳትተዉ፣ እኔ ለውጡን ያየሁት ወር ካለፈኝ በኋላ ነው።

ኩል የምትኳሉ ደግሞ፣ አውቃለሁ አትወዱትም፣ ግን ቆቡ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ የምንኳለው ልክ እጢዎቹ አፍ ላይ ነው። እኔ ከውጪ በኩል ብቻ አድርጌዋለሁ፣ ማታ ደግሞ ሳላጥብ አልተኛም።

ሙቀቱን ሰርታችሁም ጠዋት ጠዋት ካልተሻለ አብሯችሁ የሚያድር ሰው ተኝታችሁ ይያችሁ። አይኑን ገርበብ አድርጎ የሚተኛ ሰው ብዙ ነው፣ ራሱ አያውቀውም። ለሱ ከመተኛት በፊት ወፍራም የሚያለሰልስ የአይን ቅባት ይደረጋል።

ጠብታ ሲደረግ ሶስት ቀን ተሽሎ ተመልሶ የሚቀላ

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት ሰፈር ካለ ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ጠብታ ሰጡኝ፣ በማግስቱ አይኔ ወተት መሰለ፣ ተአምር ነው አልኩ። ሳቆም ይቀላል፣ እገዛለሁ፣ ሳቆም ይቀላል፣ እገዛለሁ። ካርቶኑን ለሐኪሙ ሳሳየው ዴክሳሜታሶን ነው፣ ስቴሮይድ የሚባለው ብግነት የሚያጠፋ መድሃኒት። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ሲቆይ የአይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ግላኮማና የአይን ሞራ ያመጣል፣ ኢንፌክሽን ካለ ደግሞ ያባብሳል። ሐኪም ራሱ ለድርቀት ለአጭር ጊዜ ሊያዘው ይችላል፣ ግን ግፊቱን እየለካ። ቅላት ብቻ የሚያጠፉት ጠብታዎችም (ናፋዞሊን፣ ቴትራሃይድሮዞሊን የሚል ካርቶኑ ላይ አንብቡ) ደም ስሩን አጥብበው ነው የሚያነጡት፣ ሲለቅ ብሶ ይቀላል። ቤት ውስጥ የማይጠፋው ቴትራሳይክሊን ቅባትም አንቲባዮቲክ ነው፣ በራሳችሁ ለድርቀት የምትቀቡት ነገር አይደለም።

የምትፈልጉት ሰው ሰራሽ እንባ ነው፣ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ፣ ሃይፕሮሜሎስ ወይ ሃያሉሮኔት የሚል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የምታደርጉ ከሆነ ማቆያ ኬሚካል (ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ) የሌለበትን ጠይቁ፣ ኬሚካሉ ሲደጋገም ራሱ አይን ያቃጥላል። አንድ ጠብታ በቂ ነው፣ አይን ከዛ በላይ አይይዝም፣ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ነው የሚቀረው። አድርጋችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨፍኑ፣ ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ጠብቁ።

የሚያሳክክ ከሆነ

ማሳከክ ዋናው ከሆነ አለርጂ ጠርጥሩ፣ አትሹት፣ ቀዝቃዛ ፎጣ ነው የሚረዳው። ለአለርጂ የምንውጣቸው እንደ ሴትሪዚንና ክሎርፌኒራሚን ያሉ ኪኒኖች ግን እንባም ያደርቃሉ። ለድባቴና ለነርቭ ህመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም እንደዛው። በሐኪም የታዘዘ መድሃኒት ከሆነ ዝም ብላችሁ አታቁሙ፣ ንገሩት።

አይንም አፍም የሚደርቅ

ዳቦ ያለ ውሃ አልወርድ ካላችሁ፣ መገጣጠሚያም የሚያም ከሆነ፣ የሾግረን በሽታ (ሰውነት የራሱን የእንባና የምራቅ እጢ የሚያጠቃበት) ወይ ሪህ መሳይ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላም ብዙ ሴት አይኗ ይደርቃል፣ ስኳርና ታይሮይድም አለ።

ገጠር ያደጉ እናቶች

ይሄን ለብቻው መጻፍ ፈለግኩ ምክንያቱም አክስቴ ወረንጦ ከመቀነቷ አይለያትም ነበር። ትራኮማ፣ የአይን ማዝ የምንለው፣ ተደጋግሞ የያዘው ሰው የቆቡ ውስጥ ጠባሳ ይሆንና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ አይኑን እየፋቀ ያቆስላል፣ ጠባሳው ደግሞ እንባውን ያደርቃል። ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል፣ አጭርና ሹል ሆኖ። ለዚህ ጠብታ አይበቃም፣ ቆቡን የሚያቀና አጭር ቀዶ ጥገና አለ፣ ቶሎ መውሰድ ነው። ህፃን ልጅ ደግሞ ሲመሽ አላይም ካለ ዳፍንት ነው፣ ቫይታሚን ኤ ነው የጎደለው፣ እሱ የአንድ ቀን ቀጠሮ እንኳን አይጠብቅም።

ይሄ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ከባዶቹ አሉ፦ አሜሪካ ከ2002 (በፈረንጅ) ጀምሮ የተፈቀደው ሳይክሎስፖሪን ጠብታ (መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ውጤቱ ወራት ይፈጃል)፣ እንባ የሚፈስበትን ቀዳዳ በጥቃቅን ውታፍ መድፈን፣ ለተደፈነ እጢ ደግሞ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ፣ ሁሉም በሐኪም። የዓሳ ዘይት ኪኒን ዲያስፖራ ዘመድ ይልክላችኋል፣ በፈረንጅ 2018 የወጣ ጥናት ግን 535 ሰው ከፍሎ ለገሚሱ በቀን 3000 ሚሊግራም ኦሜጋ 3 (የዓሳ ዘይቱ ማለት ነው)፣ ለሌላው የወይራ ዘይት ሰጥቶ ብልጫ አላገኘበትም፣ እኔ ብሩን ለጠብታ አዋልኩት።

አንድ አይን ብቻ ላይ በድንገት ከመጣ፣ ከባድ ህመም ካለው፣ ብርሃን አይናችሁን እየወጋ ማየት ካስቸገራችሁ፣ እይታ ከቀነሰ፣ ወይ ኮንታክት ሌንስ አድርጋችሁ ከቀላ፣ ሌንሱን አውጥታችሁ የዛኑ ቀን ሐኪም ጋ።

እኔ አሁንም አልዳንኩም፣ ማቆየት እንጂ መዳን የሚባል ነገር እንደሌለው ነው የተነገረኝ። ፔርሙዙ እዛው አለ። የጠብታውን ጠርሙስ የከፈትኩበትን ቀን በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ፣ ብዙዎቹ ከተከፈቱ 28 ቀን ሲሞላቸው ነው የሚጣሉት፣ ባሌ ግን "ገና ግማሽ አለው እኮ" እያለ ከቆሻሻ ቅርጫት ያወጣብኛል።