ሚዶ ስታይ አልጋ ሥር የምትገባው ልጄ

የአምስት ዓመት ልጄ ሚዶ ባየች ቁጥር አልጋ ሥር ትገባ ነበር። እሑድ ጠዋት ፀጉሯን ማበጠር ማለት የአንድ ሰዓት ለቅሶ ነው። ሚዶው ላይ የሚቀረውን የተበጠሰ ፀጉር ሳይ እኔም ሆዴ ይባባል።

ለካ ደረቅ ፀጉር ከሥሩ ጀምሬ እየጎተትሁ ኖሯል። እንዲህ ሲደረግ ቋጠሮው ሁሉ ወደ ጫፍ ተገፍቶ ይጠብቃል፤ የተጠቀለለ ፀጉር ደግሞ በደረቁ ሲጎተት ቶሎ ይበጠሳል።

አሁን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውኃ አፈላለሁ። እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ፣ ሳይቀዘቅዝ በስስ ጨርቅ አጠልለዋለሁ፤ ከቀዘቀዘ አልወርድም ይላል። ፀጉሯን በውኃ አርሼ ስድስት ቦታ እከፍልና ተልባውን ቀብቼ መጀመሪያ በጣቴ፣ ቀጥሎ ጥርሱ በሰፋ ሚዶ ከጫፍ ወደ ሥር እፈታዋለሁ። የምፈታውን ዘለላ ከቋጠሮው በላይ በሌላው እጄ ጨብጬ ስለምይዘው ጉተታው ራሷ ላይ አይደርስም። ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይህ አያያዝ ነው።

ከዚያ ሹሩባ እሠራላታለሁ። ግንባሯ ዙሪያ ያለው ለስላሳ ፀጉር እንዳይነቀል አላጠብቀውም፤ ቅንድቧ ከተወጠረ ፈትቼ እንደገና እጀምራለሁ።

ባለፈው እሑድ ሚዶውን ያመጣችልኝ ራሷ ናት።