ከወረዳ ጽሕፈት ቤት መረጃ ለማግኘት፦ ከደብዳቤው እስከ ቃለ ጉባኤው

በወሎ ቀበሌዎች ስለ ቆመ የውኃ ቦኖ፣ ስለ ተጀመረ መንገድ፣ ስለ ጤና ኬላ የማይነሳበት የቅሬ (የእድር) ስብሰባ የለም። ጥያቄው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይቀራል። ወረዳ ደርሶ በቃል የጠየቀም «ነገ ይመለሱ» ተብሎ ይሸኛል። ቁጥርና ቀን ያለውን ደብዳቤ ግን እንዲህ በቀላሉ መሸኘት አይቻልም፤ ስለዚህ በጽሑፍ ይጠይቁ።

መብቱ ሕግ አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሻትና የመቀበል ነፃነትን ያረጋግጣል። ዝርዝሩ ያለው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። ጋዜጠኛ ወይም የሕግ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ማንም ሰው መጠየቅ ይችላል።

ሰነዱን ለይተው ይጥቀሱ

«ስለ ውኃው አስረዱን» የሚል ደብዳቤ የሚያስገኘው ማብራሪያ ነው። የሚያስፈልግዎ ሰነዱ ነው። እንዲህ አድርገው ይጻፉት፦

«ለ… ወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ መረጃ ስለመጠየቅ። በቀበሌያችን በ2015 በጀት ዓመት የተጀመረውን የቦኖ ግንባታ በተመለከተ፣ የሥራ ውሉ፣ እስካሁን የተፈጸመው ክፍያ ማስረጃና የርክክብ ሰነዱ ቅጂ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት እንዲሰጠን እንጠይቃለን።»

ከሥር ስም፣ አድራሻ፣ ቀንና ፊርማ ይኑር። ክስና ወቀሳ አይጨምሩበት፤ እሱ ሰነዱን ካዩ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። የቅሬው ዳኛ (ሰብሳቢ) እና ጥቂት አባላት አብረው ቢፈርሙበት መልካም ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን ዓይን ውስጥ አይገባም።

መጻፍ የማይችሉ እናትና አባት ከመብቱ አልተገለሉም። በቃል ሲጠይቁ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ጥያቄያቸውን በጽሑፍ አስፍሮ ቅጂውን ይሰጣቸዋል።

መዝገብ ቤት ያስገቡ

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱ ገቢ ይሆናል፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ያስደርጉ። ይህን ሳይዙ ከግቢው አይውጡ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ቢሉዎት መዝገብ ቤት ደብዳቤ ለመቀበል ኃላፊ መጠበቅ እንደሌለበት በትሕትና ያስረዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቁጠሩ፤ ጽሕፈት ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። ጊዜ ማራዘም ካስፈለገው ምክንያቱን ሊያሳውቅዎ ይገባል። ለፎቶ ኮፒ ተመጣጣኝ ክፍያ ሊጠየቁ ይችላሉ።

«አይቻልም» ሲሉዎት

ክልከላውን በጽሑፍ፣ ከነምክንያቱ ይጠይቁ። የሌላ ሰው የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ የአገር ደኅንነትና የመሳሰሉት በሕግ የሚጠበቁ ናቸው። የቦኖ ክፍያ ግን የሕዝብ ገንዘብ ነው። በሰነዱ ውስጥ የሚጠበቅ ነገር ቢኖር እንኳ እሱ ተሸፍኖ ቀሪው ሊሰጥ ይችላል።

በእኛ አካባቢ አንድ ሌላ መልስም አለ፦ «ሰነዱ በጦርነቱ ጠፍቷል»። በ2014 በሰሜንና በደቡብ ወሎ ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ተዘርፈዋል፤ ስለዚህ መልሱ እውነት ሊሆን ይችላል። እውነት ከሆነም መጥፋቱን በደብዳቤ ይግለጹልዎ። ያንን ይዘው ቅጂው ሊኖር ወደሚችልበት ይሂዱ፤ ክፍያ ከሆነ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ ውል ከሆነ ወደ ዞኑ መምሪያ ወይም ባሕር ዳር ወዳለው የክልሉ ቢሮ። አንድ ወረቀት ከአንድ በላይ ቦታ ፋይል ይደረጋል፤ አንዱ ጋ ስለጠፋ ፍለጋው አያበቃም።

ቀኑ አልፎ መልስ ካጡ ወይም ክልከላው ካላሳመነዎት ቅሬታዎን በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ያቅርቡ። ያ ካልሠራ ለኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም ያመልክቱ፤ አቤቱታ ለማስገባት አይከፈልም። ማህተም ያረፈበት ቅጂዎ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ያለ እሱ መጠየቅዎን እንኳ ማስረዳት ይቸግራል።

ስብሰባውስ?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በዝግ እንዲሆን ካልተወሰነ በቀር ለሕዝብ ግልጽ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 ይደነግጋል። ይህ ግን ስለ ፌዴራሉ ምክር ቤት ነው፤ የወረዳችሁ ምክር ቤት መቼ እንደሚሰበሰብና መታደም እንደሚቻል የአፈ ጉባኤውን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ፤ የስብሰባው ዕለት በር ላይ ከመከራከር ይሻላል።

የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ጥያቄዎን ጽፈው ይዘው ይግቡ። አጭር ይሁን፦ «ለቦኖው ስንት ብር ተመደበ? ስንት ተከፈለ? መቼ ያልቃል?» መልሱን ከሰሙ በኋላ ጥያቄውም መልሱም በቃለ ጉባኤው እንዲሰፍር ይጠይቁ፤ ጸሐፊው የጻፈውን አንብቦ ያሰማ። ቃለ ጉባኤውም ሰነድ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ዓይነት ደብዳቤ፣ በዚያው መዝገብ ቤት በኩል ቅጂውን ይጠይቁ።