ድድዎ ሲደማ ብሩሹን አያስቀምጡ

የጥርስ ሐኪም ነኝ። ከታካሚዎቼ በብዛት የምሰማው «ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ትቻለሁ» የሚለውን ነው፤ ሁልጊዜም ያሳስበኛል። ድድ የሚደማው አብዛኛውን ጊዜ ብሩሽ ስለነካው ሳይሆን ብሩሽ ሳይደርስበት ስለቆየ ነው። ጥርስና ድድ በሚገናኙበት መስመር ላይ ባክቴሪያ የሞላበት፣ ለስላሳና ነጣ ያለ ሽፋን ይጋገራል፤ በጥፍር ጫር ቢያደርጉት ይነሳል። ካልተነሳ ድዱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። ስለዚህ የሚደማውን ቦታ ዘለው አይለፉት፤ ቀስ ብለው፣ ግን በደንብ ያጽዱት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ መድማቱ ይቀንሳል። ካልቀነሰ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ ሽፋኑ ጠጥሮ ሊሆን ይችላል፣ የጠጠረውን ደግሞ ብሩሽ አያነሳውም።

ዝም ከተባለ ጥርሱን አቅፎ የያዘው አጥንት እየሳሳ ሄዶ ጥርሱ መነቃነቅ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ስለማያም ነው ሰው የሚዘናጋው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይበልጥ ይጋለጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ ድዱ ታሞም ላይደማ ስለሚችል፣ አለመድማቱን እንደ ጤና ምልክት ባይቆጥረው እመክራለሁ።

አቦራረሹ እንዲህ ነው። ፀጉሩ ለስላሳ፣ ጭንቅላቱ አነስ ያለ ብሩሽ ይምረጡ። ፀጉሩን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ ያህል ያጋድሉት፤ ከፊሉ በጥርሱ፣ ከፊሉ በድዱ ጠርዝ ላይ ይረፍ። እዚያው እንዳለ በጣም አጭር በሆነ እንቅስቃሴ ያርገብግቡት፣ ከዚያ ወደሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ጥርሶች ይለፉ። ብሩሹን በጡጫ ጨብጠው ሳይሆን እንደ እርሳስ በጣቶችዎ ይያዙት፤ በኃይል መፈግፈግ ድድን ወደ ኋላ ያሸሻል። የታችኞቹን የፊት ጥርሶች ከምላስ በኩል ለማጽዳት ብሩሹን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የመጨረሻው የላይ መንጋጋ ጋ ሲደርሱ አፍዎን በሰፊው አይክፈቱ፤ ጉንጭዎ ይወጠርና ብሩሹን አያስገባም። ገርበብ ሲያደርጉት ይገባል። በጠቅላላው ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉ እንጂ አፍዎን በውኃ አይጉመጥመጡ። በጥርስ ሳሙናው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ (ጥርስን የሚያጠነክር ማዕድን) ጥርሱ ላይ በቆየ ቁጥር የበለጠ ይሠራል። በጥርሶች መካከል ያለውን ግን ብሩሽ አይደርስበትም፤ በቀን አንድ ጊዜ በጥርስ ክር ያጽዱት።

በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ፤ ከሁለቱ የማታውን ፈጽሞ አይዝለሉ። ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል፣ ጥርስን ከአሲድ የሚጠብቀው ደግሞ ምራቅ ነው። ባክቴሪያዎቹ ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ በአፍ ውስጥ ያለው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ በርትቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ ሲወርድ የጥርሱ ማዕድን መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ይህን ለመመለስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጣፋጭን ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ መቅመስ፣ ከምግብ ጋር አንድ ጊዜ ከመውሰድ ይበልጥ ይጎዳል። ኮምጣጣ ነገር ከወሰዱ ወይም ካስመለስዎት ደግሞ ከመቦረሽዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ።

ወላጆች፣ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆን የልጁን አፍ ከኋላ በኩል ይዩ። ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አንድ ትልቅ መንጋጋ ብቅ ይላል። ሌላ ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚበቅል ብዙ እናትና አባት «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ብለው ይተዉታል። ቋሚ ጥርስ ነው፤ ምትክ የለውም። ገና ብቅ ሲል ከሌሎቹ ዝቅ ስለሚል ብሩሹን ከጎን በኩል አዙረው ለብቻው ያጽዱት። በላዩ ያሉትን ጥልቅ ስንጥቆች ሐኪም በቀጭን መከላከያ ሊሸፍናቸው ይችላል፤ ቦርቡሮ ከመሙላት እጅግ ይሻላል። የሳሙናው መጠን ከሦስት ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት አተር የምታክል ትሁን። ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እርስዎ ይቦርሹለት ወይም አጠገቡ ይቁሙ።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ወደ 3.5 ቢሊዮን ሰዎች የአፍ ሕመም አለባቸው። ይህ በእያንዳንዱ ቤት ጥረት ብቻ አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ ውስጥ የግራንድ ራፒድስ ከተማ በመጠጥ ውኃዋ ላይ ፍሎራይድ መጨመር ጀመረች፤ ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች የጥርስ መበስበስ ከ60 በመቶ በላይ ቀነሰ። ነገር ግን ፍሎራይድ ሲበዛም ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ማኅበረሰብ መጀመሪያ ያስመርምር፤ የበዛበት ውኃ የልጆችን ጥርስ ያዥጎረጉራል።

ትምህርት ቤቶች የጋራ የመቦረሻ ሰዓት ቢኖራቸው እወዳለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ ስም የተጻፈበት የራሱ ብሩሽ ይኑረው፤ ብሩሾቹ ሳይነካኩ ቀጥ ብለው ነፋስ በሚያገኙበት ይቀመጡ። ሳሙናውን ከቱቦው በቀጥታ በየብሩሹ ላይ አይጭመቁ፤ ንጹሕ ሳህን ላይ ነጥብ ነጥብ አድርገው ልጆቹ ከዚያ ያንሱ።

መምህራን ደግሞ ይህን ይወቁ፦ ልጅ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ከነሥሩ ከወለቀ ጥርሱን በነጩ በኩል ይያዙት፣ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉት። ከቆሸሸ ወተት ላይ ነከር አድርገው ወዲያው ወደ ቦታው ይመልሱት። ካልተቻለ ወተት ውስጥ አስገብተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ጋ ያድርሱት። የወተት ጥርስ ከሆነ ግን መልሰው አይክተቱት፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።